የዘጠኝ ቁጥር በር

ሰኔ 3

የሽማግሌውን መሳቢያ ዛሬ ከፈትኩት። ሁለት የደረቁ እስክሪብቶዎች፣ አንድ ክንዱ የተሰበረ መነጽር እና ይሄ ደብተር። ሃያ ስምንት ዓመት የስልክና የዳታ መስመሮችን በምንከታተልበት የቁጥጥር ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ ባለፈው ወር ጡረታ የወጣ ሰው የተወው ንብረት ይኸው ነው። ግማሹ ባዶ ስለሆነ፣ ወረቀት መጣል ደግሞ ስለማልወድ፣ ባዶውን ለራሴ ወሰድኩት።

የፊተኛው ግማሽ ያስቃል። በየቀኑ አንድ መስመር፦ «12፡10። ዘጠኝ። አንድ። ደህና።» እሁድ እንኳ አልቀረም። አልፎ አልፎ «ዘጠኝ። ሁለት። ለሾፌሩ ተነግሯል» ይላል። ሲስተሙ ሁሉን ነገር ራሱ እየመዘገበ ሰውዬው በእጁ ይገለብጥ ነበር።

ጠዋት አለቃችን ጠራኝ። እዚህ ፐርሰንት እለዋለሁ፤ ከልጆቹ ብዛት በቀር በመቶኛ የማይናገረው ነገር የለም። ትናንት ብቻ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ማንቂያ ገብቷል። የክሊኒኩ መስመር ተቋረጠ፣ የማማው ባትሪ ዝቅ አለ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ ማራገቢያው ተነሣ። አንዱን ሳነብ ሌላው ይደረብበታል፤ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል።

«እስከ ሐምሌ አሥራ ስምንት ስብሰባ ዘጠና ፐርሰንት ቀንሺልኝ» አለ። «የክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ክፍት ነው፤ ነግሬሻለሁ።»

ኃላፊ ከሆንኩ አሥር ሰዓት ላይ እወጣለሁ። እማዬ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ አልጋ ላይ ናት፤ ብቻዋን ማምሸቷ ይቀር ነበር።


ሰኔ 5

ጩኸት። ራስ ምታት። ምሳ አልበላሁም። አራት ሺህ ሁለት መቶ።


ሰኔ 9

ቀኑን ሙሉ ሰው ሳላናግር ሠራሁ፤ ደስ ይላል። ነገሩ ረጋ ያለ ጭንቅላት ነው የሚፈልገው። መስመር የሚያከፋፍል አንድ ስዊች ሲጠፋ ከሥሩ ያሉት አርባ መሣሪያዎች አርባ ማንቂያ ይልካሉ። አባወራው ታመመ ማለት ሲበቃ ቤተሰቡ በሙሉ በየተራ እየመጣ ያረዳል። ስለዚህ ማን በማን ሥር እንደሆነ ለሲስተሙ አስተማርኩት፤ የላይኛው ከጠፋ የታችኞቹ ዝም ይላሉ። በአንድ ቀን ወደ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ወረደ።

የድሮውን መዝገብ ሳገላብጥ የሽማግሌውን ሌላ ጉድ አገኘሁ። በየቀኑ አሥራ ሁለት ከአሥራ አንድ ላይ፣ ማለት መዝገቡን ከጻፈ ከደቂቃ በኋላ፣ «የዘጠኝ ማማ መብራት ሙከራ» ያደርግ ነበር። ከዚሁ ወንበር ሆኖ ተራራ ላይ ያለውን የዘጠኝ ቁጥር ጣቢያ መብራት አንዴ ያበራል፣ ያጠፋል። መብራት በየቀኑ ይሞከራል? ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ። እሱ ከወጣ ወዲህ ማንም አልሞከረውም፤ መብራቱም አልሞተም።


ሰኔ 14

የዘጠኝ በር ነገር። ዘጠኝ ማለት ተራራ ላይ ያለ አንድ ማማ፣ መሣሪያዎቹ ያሉበት አንድ የብረት ሳጥን፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል እና አንድ ጥበቃ ነው። የእጅ ስልክ አይሠራም፤ ማማው የሌላውን መስመር ያሳልፋል እንጂ ለሥሩ አይሆንም። የሳጥኑ በር በየማታው አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ ይከፈታል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ይዘጋል። ሁለት ማንቂያ፣ በየቀኑ፣ በከንቱ።

ሾፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ሊያስረክብ ሲመጣ ጠየቅኩት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ለጥበቃው ቀለብ፣ ለጄኔሬተሩ ናፍጣ የሚያደርሰው እሱ ነው።

«የሳጥኑ በር ላልቷል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው። ቁልፉም የጥበቃው፣ የአባባ አንገት ላይ ነው።»

«ታዲያ በየማታው ማን ይከፍተዋል?»

«እሱ ይሆናላ። እኔ እንጃ እህቴ፤ ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ አልጠየቅኩትም።» ሊወጣ ካለ በኋላ ተመለሰ። «ብቻ የማማው መብራት ተበላሽቷል ወይ ብሎኛል። ወንበሩ ላይ አዲስ ሰው ገባ ወይ ብሎም ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

«ጎበዝ ሴት ናት አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። መቼም ወሬ አይወድም።»

መብራቱን በሲስተሙ አየሁት፤ ብልሽት የለበትም። ለሾፌሩ ነገርኩት፤ ለሰውዬው ይንገረው።


ሰኔ 18

ዛሬ የጻፍኩት ትእዛዝ፦ በየትኛውም ጣቢያ ከአምስት ደቂቃ በታች ተከፍቶ የተዘጋ በር አይነገር። ሌባ በአንድ ደቂቃ ምንም አይሰርቅም። ስድስት መቶ አርባ ላይ ነን። ፐርሰንት በሩ ላይ ቆሞ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ እንደማልወድ አስመስላለሁ፤ እወዳለሁ።


ሰኔ 20

አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ ራሴን ቀና አደረግኩ። ሰው የጠራኝ መስሎኝ ነበር። ስክሪኑ አረንጓዴ፣ ክፍሉ ጸጥ ያለ። ማንም አልጠራኝም።


ሰኔ 27

ሁለት መቶ ሰማንያ። ጽዳቷ ወለሉን ስትወለውል ቆም አለችና «ይሄ ክፍል ድሮ እንዲህ ነበር እንዴ? አሁንስ ሬሳ ቤት መሰለኝ» አለች። ሳቅኩ።

ግን ጆሮዬ አላመነም። መንገድ ላይ ስሄድ፣ ሻወር ውስጥ፣ ማንቂያው ይሰማኛል፤ ቆሜ ሳዳምጥ የለም። ዛሬ እቤት እንደገባሁም ሰማሁት ብዬ ስደነግጥ እማዬ ብርጭቆዋን በማንኪያ እየመታች ነው። ስትፈልገኝ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። ትራስ አስተካክይልኝ፣ መጋረጃውን ክፈቺልኝ፣ ስንት ሰዓት ሆነ። ለስድስተኛ ጊዜ ስትመታ ምን አልኳት?

«እማዬ፣ ለትንሽ ለትልቁ አትምቺው። የምር ሲሆን ብቻ።»

«እሺ ልጄ» አለች።


ሰኔ 30

ዝናቡ ለጉድ ነው። ሾፌሩ ትናንት ከነጭነቱ ከመንገድ ተመለሰ፤ ድልድዩን ወንዙ ወስዶታል። «አባባ ምን ይበላ ይሆን?» አለኝ፤ ለእኔ ለምን እንደሚነግረኝ እንጃ። ቀለብ የእኔ ክፍል ሥራ አይደለም። መቼም የተራራ ሰው አትርፎ ያስቀምጣል።


ሐምሌ 2

ዘጠኝ ከዝናቡ ጋር ጠፋች፣ ተመለሰች፣ ጠፋች። ብቻዋን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ማንቂያ። የወር ልፋቴን አፈር ልታበላው ነው። ለፐርሰንት ነገርኩት።

«ጥገና ላይ ናት ብለሽ መዝግቢያታ። መንገዱ እስኪደርቅ።»

ጥገና ላይ ያለ ጣቢያ ምንም ቢሆን አይጮህም፤ ሰዎች እዚያው እየሠሩ ነው ማለት ነው። ማንም እየሠራ አይደለም። ግን መዘገብኩ። ወዲያው ጸጥ አለች።


ሐምሌ 9

አርባ አራት ማንቂያ ቀኑን ሙሉ። ፐርሰንት የማንቂያውን ብዛት የሚያሳየውን ሥዕል በትልቁ አሳትሞ ኮሪደሩ ላይ ሰቀለው፤ መስመሩ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ማታ እቤት ስገባ የእማዬ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የውኃው ማሰሮ እጇ ከማይደርስበት ነው የተቀመጠው፤ ጠዋት ስቸኩል እኔው ነኝ ያስቀመጥኩት። ጎረቤት እንድትሰማ ለምን ብርጭቆውን አልመታሽም ብላት፣

«የምር አልነበረማ» አለችኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ ብዙ ቆየሁ።


ሐምሌ 13

ዛሬ ያላሰብኩትን አደረግኩ። አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ እንደ ልማዴ ቀና ስል፣ እስኪ ብዬ የዘጠኝን የተደበቀ መዝገብ ከፈትኩት። መስመሩ ለጊዜው ተስተካክሎ ነበር። ሲስተሙ ዝም ያለው ለእኛ ነው እንጂ ሁሉን ይጽፋል።

በሩ እስከ ሰኔ 30 በየማታው አንዴ ተከፍቷል። ከሐምሌ 1 እስከ 5 ሁለት ሁለት ጊዜ። ከሐምሌ 6 ጀምሮ ሦስት ሦስት ጊዜ። ዛሬም ዓይኔ እያየ ሦስት፦ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

ማጠፊያው ላልቷል። ነፋስ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ነፋሱም ይበረታል፤ ለዚህ ነው ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት የሄደው።

መዝገቡን ዘጋሁት።


ሐምሌ 15

ሦስት። ነፋስ አልነበረም ዛሬ።


ሐምሌ 16

ሦስት። ዘጠኝን ከጥገና ባወጣት ሁለት መቶ ማንቂያ በአንድ ቀን ይመለሳል፤ ስብሰባው ከነገ ወዲያ ነው። ከስብሰባው በኋላ አየዋለሁ። ሁለት ቀን ምን አላት። ይሄን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴ ሰረዝኩት፤ እንደገና ይኸው ጻፍኩት።


ሐምሌ 17

ሳልተኛ ልጻፈው።

ከሥራ ስገባ ይሄ ደብተር እማዬ እጅ ላይ ነው። ትናንት ኮሞዲኖው ላይ ትቼው ተኝቼ ኖሯል። የኔን ግማሽ አንብባው እንደሆነ ብዬ ቀላሁ። የያዘችው ግን የፊተኛውን ግማሽ ነው፤ መነጽሯን አድርጋ እንደ መጽሐፍ ታነበዋለች።

«ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» አለችኝ።

«የጻፈው? ከእኔ በፊት የነበረው ሽማግሌ።»

«የጻፈውንማ አወቅኩ። በየማታው ደህና ነኝ የሚለው ማለቴ ነው።»

«እማዬ፣ እሱ ሰው አይደለም። በር ነው።»

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «በር ደህና ነኝ ይላል እንዴ ልጄ? አንዴ ሲል ደህና። ሁለቴ ሲል ለሾፌሩ ተነግሯል፤ የጎደለው ነገር አለ ማለት ነው። ሦስትም አለ፤ አላየሽውም?»

አላየሁም ነበር። ገልጣ አሳየችኝ፤ የዛሬ አምስት ዓመት፦ «12፡10። ዘጠኝ። ሦስት። በሌሊት ሰው ሄደ። ትኩሳት ነበረበት። አውርደውታል፤ ተርፏል።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ሦስት የሚል መስመር ያ ብቻ ነው።

«ልብ ካላየ ዐይን አያይም» አለች እማዬ፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም። ከዚያ ፊቴን አየችና ደብተሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። «ስንት እያለ ነው?»

ነገርኳት።

ፐርሰንት ስልክ አያነሣም። ሾፌሩ አነሣ። ለነገ የጤና ባለሙያና ገመድ አዘጋጃለሁ አለ፤ በዚህ ጨለማ ወንዙን መሻገር አይሞከርም።


ሐምሌ 18

በጠዋት ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ፒጃማውን እንደለበሰ በር ከፈተልኝ።

«ጋሼ፣ የዘጠኝ ሦስት ምን ማለት ነው?»

«መቼ?»

«ከሐምሌ ስድስት ጀምሮ።»

በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። «መብራትስ? መብራት አልሰጣችሁትም?»

«አላወቅኩም።»

«እሱ በሩን ሲከፍት እኔ መብራቱን አንዴ ቦግ አደርግለታለሁ። ሰማሁ ማለት ነው። ስልክ ሳይኖር የጀመርነው ነው፤ ሌላ ወሬ የለንም። ፊቱን አይቼው አላውቅም። አልነገርኩሽም። አብቅቷል፣ ሂድ ሲሉኝ ከፋኝ። ሲቸግራቸው ይጠሩኛል ብዬ ስልኬን ከፍቼ ነው የጠበቅኩት።»

ልቆጣው ፈለግኩ፤ በምን አፌ።

በቀጥታ ቢሮ ሄጄ ዘጠኝን ከጥገና አወጣኋት፤ የበሩንም ትእዛዝ አነሣሁላት። ስብሰባው ላይ እንግዶቹ ተቀምጠው ስክሪኑ በአንዴ ቀላ። ፐርሰንት በጆሮዬ «ምን እያደረግሽ ነው? አበድሽ?» አለኝ። «ሰው አለ እዚያ» አልኩት። «ከሰዓት በኋላ እንነጋገራለን» አለ።

ሾፌሩ ጠዋት ወንዙን መሻገር አልቻለም። ነገ በላይኛው መንገድ፣ በእግር። እኔም አብሬ ነኝ።

አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ጮኸ። ሦስት ጊዜ። ፐርሰንትም ሰማ፤ ጽዳቷም ሰማች። መብራቱን ሦስቴ አበራሁለት። መጣን፣ መጣን፣ መጣን አልኩ በአፌ፤ እንደሚሰማኝ ሁሉ።


ሐምሌ 21

የሆነውን ብቻ ልጻፍ።

ከጤና ባለሙያው ጋር ሦስት ሆነን፣ ሁለት ቀን በእግር ሄደን ትናንት ከሰዓት ደረስን። የብረት ሳጥኑ ተቆልፏል። የቆርቆሮዋ ክፍል ከውስጥ ተቀርቅራለች፤ ጠርተን ጠርተን ሾፌሩ በትከሻው ሰበራት። አልጋው ላይ ነው። አንድ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ሲወድቅ የተሰበረ ነው አለ ባለሙያው። የሳጥኑ ቁልፍ አንገቱ ላይ ነው። አልጋውን ጎትቶ ከመስኮቱ ሥር አድርጎታል። እዚያ ላይ ጋደም ብዬ አላየሁም፤ ጎንበስ ብዬ ግን አየሁ። ከመስኮቱ የሚታየው የማማው መብራት ብቻ ነው።

«ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?» አልኩ።

«ከሳምንት በላይ። ዐሥር ቀንም ይሆነዋል።»

«ሊሆን አይችልም።»

«እህቴ፣ እኔ ይሄን አልሳሳትም» አለኝ ባለሙያው።

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። ሐምሌ 18 ማታ ማንቂያው ሲጮህ እሱም ቁልፍ ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሦስቱንም ጩኸት ሰምቷል።


ሐምሌ 24

ፐርሰንት ጽፎ ጨርሷል፦ የበሩ ሴንሰር ብልሽት፤ መዝገቡ ከሐምሌ 10 በኋላ የተሳሳተ ነው። ለኃላፊነቱ የተጻፈልኝንም ደብዳቤ ሰጠኝ። «የአንቺ ጥፋት አይደለም። አንቺ መዝገቡን ባየሽበት ቀን ሰውዬው ቀድሞ ሞቶ ነበር» አለ። ሊያጽናናኝ ነው።

እኔ ግን ቆጠርኩ። ባለሙያው ልክ ከሆነ፣ ሐምሌ 13 እኔ እያየሁ በሩን የከፈተው ማን ነው? ባለሙያው ከተሳሳተ ደግሞ እሱ በሕይወት እያለ ስድስት ማታ ጠራኝ፤ እኔ ማጠፊያው ላልቷል ብዬ ጻፍኩ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለብኝ፤ ሌሎቹ የፈለጉትን ይምረጡ። ማታ ማታ የመጀመሪያው ይሁን ብዬ እጸልያለሁ። ይሄን የሚጸልይ ሰው መቼም ጤነኛ አይደለም። ደግሞስ ከሐምሌ 6 እስከ 10 ያለውስ? ለዚያ ምርጫም የለኝ።

እማዬ ዛሬ ብርጭቆዋን አሥር ጊዜ መታች። አሥሩንም ሄድኩ። አሥረኛው ላይ «ምንም አልፈልግም፤ መኖርሽን ላይ ብዬ ነው» አለችኝ።


ሐምሌ 29

በዘጠኝ አዲስ ሴንሰር፣ አዲስ ቁልፍ፣ አዲስ ማጠፊያ ተደረገ። መንገዱ እስኪደርቅ ጥበቃ አይኖርም። አንዲቷ ቁልፍ እኛ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከዓይኔ ፊት ተሰቅላለች። ሽማግሌውን መጥቶ እንዲያየው ጠራሁት። ተራራው ድረስ መሄድ አይችልም፤ ወንበሩ አጠገብ ቆሞ ስክሪኑን አየና ሄደ።

አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ ምንም። ተመስገን።


ነሐሴ 2

ማንቂያ ሠላሳ ስድስት። ዝናቡ አባርቷል። ከሥራ ልወጣ ቦርሳዬን አንሥቼ ነበር።

አሥራ ሁለት ከአሥር። የዘጠኝ በር ተከፈተ። ተዘጋ።

ግድግዳውን አየሁ፤ ቁልፏ አለች። ቦርሳዬን አስቀምጬ ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሁለተኛ አልመጣም።

ብልሽት ነው ብሎ መመዝገብ ይቻላል፤ ቦታው አለው። እኔ ግን የመብራቱን ቁልፍ ተጭኜ አንዴ አበራሁለት፤ አጠፋሁ። ከዚያ ወደ ፊተኛው ግማሽ ገለጥኩና ሽማግሌው ካቆመበት ሥር፣ በራሴ እጅ፦

12፡10። ዘጠኝ። አንድ። ደህና።